ሊብሬው ቀይ ይላል

ጉና ተራራ ሥር ባለችው በገሳይ የግል መኪና የሚባል ነገር የለም። ሊብሬው በአንድ ሰው ስም ይውጣ እንጂ መኪናው የሰፈሩ ነው። ሞተሩ ሲያጓራ በሽታውን የሚናገረው ሰፈሩ፣ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር በር የሚደበድበው ሰፈሩ፣ ሲቆሽሽም የሚታዘበው ሰፈሩ ነው። የባለቤት ተብዬው ድርሻ ነዳጅ መሙላትና በየዓመቱ ቦሎ ማሳደስ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጠዋት ተነሥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የገዛ መኪናውን ቀለም በገዛ ግቢው ላድስ ካለ ነገሩ የግቢ ሥራነቱ ያበቃል፤ ስብሰባ ይሆናል። ቃለ ጉባኤ ቢያዝለት ለወረዳ የሚቀርብ ነው።

ይህን የምለው በአጎቴ ፒካፕ ላይ የሆነውን አይቼ ነው። ከወረታ ወልድያ በሚዘልቀው፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት መንገድ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ድንችና ገብስ ስትጭን የኖረች አሮጌ ቶዮታ ናት። ሊብሬዋ ቀለሟን በአንድ ቃል ይገላግለዋል፦ ቀይ። መኪናዋን ያየ ሰው ግን በአንድ ቃል አይገላገልም። ከቤቱ ግድግዳ ተጠግታ ስለምትቆም በግራ ጎኗ በእርግጥም ቀይ ናት። ቀኝ ጎኗን ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ስለምታገኘው ወደ ሮዝ ሄዷል። ኮፈኖዋ ከሮዝም አልፎ ነጣ ብሏል። ጣሪያዋ ላይ ያለውን ቀለም ስም ያወጣለት የለም። መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ክምር ድንጋይ ከተማ ስትሄድ ያያትና ስትመለስ ያያት ሰው፣ ሁለት መኪና አለፈ ብሎ ቢምል አይፈረድበትም።

የሚያታልለን ብርዱ ነው። ጉና ሥር ያለ ሰው እኩለ ቀን ላይ ጋቢ ተከናንቦ ሲሄድ ፀሐይ ልታጠቃው እንደምትችል ትዝ አይለውም። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ታቦር ከተማ ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል ይላል። ድርጅቱ የተናገረው ለቆዳችን ተጨንቆ ነው፤ ግን ለኮፈኖም ይሠራል። ቀለም ማለት ዱቄትና ሙጫ ነው። ዱቄቱ መልኩን ይሰጣል፣ ሙጫው ዱቄቱን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል። ጨረሩ የሚሰባብረው ሙጫውን ነው። ሙጫው ሲሞት ዱቄቱ ያለ አሳዳሪ ይቀርና ከላይ ይተናል፤ እጅ ሲያርፍበት ይለቃል። ከቀለም ሁሉ ደግሞ ለፀሐይ ቶሎ እጁን የሚሰጠው ቀይ ነው። ነጭ መኪና የገዙ ሰዎች ይህን አውቀው ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ነጩ ርካሽ ስለነበር ይመስለኛል።

ከፀሐይ የተረፈውን ፍቅር ይጨርሰዋል። እንዲያውም እኔን ብትጠይቁኝ የአገራችንን መኪና ቀለም የሚበላው ኮረኮንቹ አይደለም፤ ከኮረኮንቹ ሲመለስ የሚደረግለት እንክብካቤ ነው። መኪናው አቧራ ለብሶ ይመጣል። አቧራው ማለት የተፈጨ ድንጋይ ነው። ይህን የተፈጨ ድንጋይ አንድ ታዛዥ ልጅ በደረቅ ጨርቅ ይዞ ከኮፈኖው ጫፍ እስከ ጫፍ ይገፋዋል። ልጁ ይመረቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ልጅ በጣቱ አቧራው ላይ «እጠቡኝ» ብሎ ጽፏል፤ አቧራው ሲነሣ ጽሑፉ አይነሣም፤ አሸዋው በጣቱ ሥር ሆኖ ቀለሙን ቧጥጦታልና። የአጎቴ መኪና የኋላ በር ላይ ዛሬም በሰያፍ ፀሐይ ሲታይ «እጠቡ» ድረስ ይነበባል፤ «ኝ»ዋን ሌላ ጭረት ሸፍኗታል። ሾፌሮቹማ ርብ ወንዝ ዳር ወርደው መኪናውን እስከ ጎማው ውሃ ውስጥ ያስገቡና ከወንዙ በቀዱት ውሃ፣ ከወንዙ አሸዋ ጋር፣ በቁራጭ ከረጢት ይፈትጉታል። ለኦሞ አይሰስቱም። ያ ዱቄት ሳሙና የተሠራው የገብስ ማሳ ውሎ ከመጣ ሱሪ ላይ እድፍ ሊያስለቅቅ ነው፤ ከመኪናው ላይ የሚያስለቅቀው ግን አንዳች የቀረ ሰም ካለ እሱን ነው። መጨረሻ ላይ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይታለፍበታል። መኪናው ያብረቀርቃል። ሾፌሩ ፊቱን አይቶበት ጢሙን ያስተካክላል። ናፍጣው እስኪደርቅ የሰበሰበው አቧራ ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ ይሆናል።

አጎቴን «ለምን አትለውጣትም?» ያለው ሰው ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። መለወጥ ቀላል የነበረበት ዘመን አለፈ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና የሚያስገባ ሰው እንደ መኪናው ዕድሜ እስከ 500 በመቶ እንዲከፍል አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከነአካቴው እንዳይገባ ተባለ። ከዚህ በኋላ በአገሩ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ማዕረጉ ጨመረ። ትናንት «ይቺን ቆርቆሮ» ይባል የነበረው «ቶዮታዬ» ተባለ። ደላላው በጣቱ አጥንት በሩን ኳ ኳ እያደረገ ይዞራል፤ ኪሱ ውስጥ ማግኔት የሚይዝም አለ። ብረት ከሆነ ማግኔቱ ይይዛል፤ ከሥሩ ስቱኮ ካለ ይወድቃል። ማግኔቱ ሲወድቅ ዋጋውም አብሮ ይወድቃል። በገዢና በሻጭ መካከል «ቀለሙ የፋብሪካ ነው» ከሚለው ቃል በላይ የሚያስከብር ነገር አልሰማሁም። «ሞተሩ አልተነካም» ከሚለው እንኳ ይበልጣል።

አጎቴን ለሥራ ያነሣሣው ግን የዓመቱ ምርመራ ነው። መርማሪው ሊብሬውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ እንደገና ሊብሬውን አየ። «አባቴ፣ እዚህ ላይ ቀይ ይላል» አለው በትሕትና። አጎቴም «ቀይ ናት» አለ። «ይቺ?» «በዚህ በኩል ና» ብሎ ግራ ጎኗን አሳየው። ሰውየው የተማረ ነው፤ ግማሽ ቀይ የሚባል መኪና በፎርሙ ላይ ቦታ እንደሌለው አስረዳና ለዘንድሮ አሳልፋታለሁ፣ ለሚመጣው ዓመት ግን ወይ መኪናዋን ወደ ሊብሬው ወይ ሊብሬውን ወደ መኪናዋ አምጣ ብሎ ሸኘው። ሊብሬውን ወደ መኪናዋ ማምጣት ማለት አንድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ቀለሟን ሮዝ በሉልኝ» ማለት ነው። አጎቴ በሥላሴ ሰባት ልጅ ያሳደገ፣ በዕድር ዳኛ የሆነ ሰው ነው። በስሙ ሮዝ መኪና አይመዘገብም።

መጀመሪያ ከተማ ወርዶ ባትላሜራ አማከረ። ባትላሜራው አዋቂ ሰው ነው፤ በዚህ ምንም አልቀልድም። ቀለም የሚያዛምድ ማሽን ሳይኖረው፣ በዓይኑ ብቻ፣ ጠብታ ጥቁር ጠብታ ቢጫ እያደረገ ከአሮጌው ጋር የሚገጥም ቀለም የሚበጠብጥ ሰው ሊከበር ይገባዋል። ያለውም እውነቱን ነው፦ ሙሉ በሙሉ ተገፎ፣ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ፣ የጎደጎደው በስቱኮ ተሞልቶ፣ መሠረት ተቀብቶ፣ ከዚያ በላይ ቀይ። አጎቴ ዋጋውን ሰምቶ በልቡ ወደ ከብት ለወጠውና አንድ በሬና ሁለት በግ ሆኖ አገኘው። «ደግሞም» አለኝ ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የፋብሪካ ቀለሟ ይጠፋል።» በከፊል የጠፋ መሆኑን ላስታውሰው አልፈለግሁም። ነገር ግን ልክ ነበር። የፋብሪካ ቀለም በትልቅ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ነው፤ በግቢ ውስጥ ዶሮ እየተንጎራደደች፣ ነፋስ አቧራ እየወሰደ የሚረጭ ቀለም ያንን አያክልም። ፋብሪካው ከባዶ ብረት አንሥቶ እስከ ላይ ያለበሰው ሁሉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ለአሥር ሲከፈል የምታገኙት ያህል። የራስ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ የአጎቴ ክብር በሙሉ ያረፈው በሁለት ፀጉር ውፍረት ላይ ነው።

በዚህ መሐል ለጥምቀት የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጣ። ሻንጣው ሲከፈት ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። ጫማ የጠበቀ አለ፤ ሽቶ የጠበቀ አለ። ከሻንጣው የወጣው ጨርቅ ነው። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ ሁሉም ጠርዝ የሌለው፣ ለስላሳ፣ በጥቅል በጥቅል የታሠረ ጨርቅ። የአጎቴ ሚስት አንዱን አንሥታ አገላብጣ አየችውና፣ «ዓለሜ፣ እኛ ጨርቅ ቸግሮናል ብሎ ማን ነገረህ?» አለችው። ማይክሮፋይበር እንደሚባል፣ ክሩ ከሐር የቀጠነ እንደሆነ፣ አቧራውን ገፍቶ ከመቧጠጥ ይልቅ አንሥቶ በውስጡ እንደሚይዝ አስረዳት። በሚገባ ተረዳችው፤ ከመካከላቸው የተሻሉትን መርጣ ለሲኒዋ ማድረቂያ አስቀረች። ከጨርቁ ሥር ፖሊሽ በጠርሙስ፣ ሰም በቆርቆሮ፣ እንደ ሊጥ የሚለነቀጥ የቀለም ማጽጃ ጭቃ፣ እና ከሁሉ በታች የሚሽከረከር የፖሊሽ ማሽን ነበር። ማሽኑን ሁሉም አደነቀው። አንድ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ግን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበቡና «110 ቮልት» አሉ። የእኛ 220 ነው። ማሽኑ ወደ ሻንጣው ተመለሰ፤ ቨርጂኒያ እስኪደርስ ድረስ ዳግመኛ አልወጣም።

አጠባው የተጀመረው በክርክር ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለት ባልዲ ካልቀረበ አልነካም አለ። በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው ጨርቁን ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ። የአጎቴ ሚስት ውሃው ከቦኖ በጄሪካን፣ በአህያ የመጣ መሆኑን ታውቃለች፤ አሸካክማ ያመጣችው እሷ ናትና።

«ሁለተኛው ባልዲ ምን ይሠራል?»

«ጨርቁን ለማጠብ።»

«ጨርቁ መኪናውን አያጥብም እንዴ?»

«ያጥባል። ግን የጠረገው አሸዋ እንዳይመለስበት እሱም ይታጠባል።»

«እና ጨርቁን ያጠበው ውሃስ? እሱን ማን ያጥበዋል?»

ሕዝቡ ሳቀ። የአክስቴ ልጅ ግን አልሳቀም፤ አሜሪካ ሁለት ባልዲ ሃይማኖት ሆኖበታል። በኋላ ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ፣ ከሥር፣ የዘቀጠውን አሸዋ ዘቅዝቆ ሲያሳያት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ይሄን ሁሉ ዘመን ስንፈትጋት የኖርነው በዚህ ነው?» አለች። ያቺን ጥያቄዋን አጎቴ እንዳልሰማ ሆኖ ጎማ ሊያይ ሄደ።

ከታጠበች በኋላ ያ ጭቃ መጣ። ሳሙና ውሃ ረጭቶ ጭቃውን በኮፈኖው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያንሸራትት መጀመሪያ ኮርኮር የሚል ድምፅ ነበር፤ እየቆየ ድምፁ ጠፋ። ጭቃውን ገልብጦ አሳየን። ጠቁሯል። ቀለሙ ላይ ተጣብቆ የኖረ የባሕር ዛፍ ጠብታ፣ የፍሬን ብናኝ፣ የወፍ ኩስ ትራፊ ነው አለ። ልጆቹ በየተራ መዳፋቸውን ባለፈበትና ባላለፈበት ቦታ እያሳረፉ ልዩነቱን መሰከሩ። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ጭንቀቱ የመጣው በፖሊሹ ነው። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ፖሊሽ በቢጫ ጨርቅ አድርጎ የኮፈኖውን አንድ ጥግ በክብ በክብ አሸት አሸት አደረገና ጨርቁን አነሣ። ጨርቁ በርበሬ የተጠረገበት መሰለ። አጎቴ ከጎማው ቀና አለ። ከአጥሩ ውጭ የነበሩት ገቡ።

«ኧረ ቀለሙ ለቀቀ!»

«ተው አንተ ልጅ፣ ተው!»

«አልኩ እኮ፣ የአሜሪካ መድኃኒት ለእኛ መኪና ይከብዳል አላልኩም?»

ልጁ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ያንኑ ሲጠብቅ ኖሯል። የዛሬ ዘመን መኪኖች ከቀለሙ በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቫርኒሽ አላቸው፤ ቢታሹ ጨርቁ መልክ አይይዝም። ያ አሠራር የተስፋፋው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተቀቡት፣ የጭነት መኪኖች ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ ቀለማቸው አንድ ወጥ ነው፤ ላዩም ቀለም፣ ውስጡም ቀለም። ስለዚህ የሞተው ላይኛው ዱቄት ተጠርጎ ቢነሣ ከሥሩ ያልሞተ ቀይ አለ። «ይሄ የለቀቀው አስከሬኑ ነው» አለ። ቃሉ ትንሽ ከበደ፤ አንዲት እማሆይ አማተቡ። እንደ እውነቱ ግን ከዚያ በላይ የሚገልጸው አልተገኘም። የታሸችውን ጥግ በንጹሕ ጨርቅ ሲጠርጋት፣ በነጣው ኮፈኖ መካከል የመዳፍ ያህል ቦታ ቀይ ሆና ወጣች። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀይ። አጎቴ ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለና ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቅ ኮቱን አወለቀ።

ማሽን በሌለበት በእጅ ፖሊሽ ማድረግ ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነው፤ ክንድ ያወልቃል። ሁለተኛው በር ላይ ሳይደርሱ ሁለቱም ዛሉ። ያን ጊዜ ከሰፈሩ ጎረምሶች አንዱ «ይሄማ የደቦ ሥራ ነው» አለ፤ ያበቃው እዚያ ላይ ነው። ገብስ በደቦ ይታጨዳል፣ ጎጆ በደቦ ይቆማል፤ ፒካፕ በደቦ የማይታሽበት ምክንያት ለማንም አልታየውም። ለደቦ ደግሞ ጠላ ይቀርባል። የአጎቴ ሚስት ለጥምቀት የጠመቀችው ጋን ተከፈተ። ጨርቅ ለየሰው ታደለ፤ አንዱ ኮፈኖ፣ ሁለቱ በር፣ ሦስቱ ጣሪያ፣ ልጆቹ ፓራፋንጎ ያዙ። አውራጁ ዘፈን አወጣ። ዘፈን ሲወጣ ክንድ ይጠነክራል፤ ደቦ የተሠራው ለዚያ ነው። ችግሩ፣ በአጨዳ ጊዜ የሚያስመሰግነው ጉልበት እዚህ ያጠፋል። የአክስቴ ልጅ በመኪናዋ ዙሪያ እየሮጠ «ቀስ! ቀስ በሉ! ስስ ነው!» ይላል፤ እነሱ ሊያግዙት የመጣ አዝማች መስሏቸው ድምፃቸውን ይጨምራሉ።

የቀኝ ፓራፋንጎዋን የያዘው ልጅ በሰፈሩ በጉልበቱ የሚታወቅ ነው። ዘፈኑ ሲያበቃ ሁሉንም ጠራና ሥራውን አሳየ። የፓራፋንጎው ወገብ፣ ብረቱ እጥፍ የሚልበት ጠርዝ ላይ፣ የጣት ርዝመት ያህል ግራጫ መስመር ወጥቷል። ጠርዝ ላይ ቀለም ከሌላው ቦታ ይሳሳል፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑታል ወይም ይዘሉታል። ልጁ ሁሉንም ቀይ አልፎ መሠረቱ ጋ ደርሷል። «እኔ ያለሁበት ግን ፍጹም ጸድቷል» አለ፣ በኩራት። ማን ይናገረው? አጎቴ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ጠላ ቀዳለት። በፍቅር የሚመጣ ጭረት እንዲህ ነው፤ ተቀብለህ ታመሰግናለህ።

የጠላው ሰዓት ወደ ታሪክ ወሰደን። መምህሩ ጋፋትን አነሡ። ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው በዚያ መንደር የአጼ ቴዎድሮስ ፈረንጆች ሴባስቶፖልን አቀለጡ፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገዱን ራሳቸው እያስጠረጉ፣ በጋይንት በኩል አድርገው በጋሪ እያስጎተቱ መቅደላ ያደረሱት መጋቢት ላይ ነው። «እንግዲህ በዚህ በኩል ያለፈ ከባድ ጭነት ማለት ያ ነው» አሉ መምህሩ። ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ መኪና የጋለቡት እንኳ ከዚያ አርባ ዓመት ቆይቶ ነው። አንዱ ጎረምሳ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ያ መድፍ አሁን የት እንዳለ ጠየቀ። «መቅደላ ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ።» «ማን ያጥበዋል?» «ማንም።» «ቀለም የለውም?» «የለውም።» ጎረምሳው ጥቂት አሰበና፣ «ለዚያ ነዋ እስከ ዛሬ የኖረው» አለ። የአክስቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

የቀረው ሰሙ ነው። ፖሊሽ የተደረገ ቀለም ራቁቱን ነው፤ ካልተሸፈነ በጥቂት ክረምት ተመልሶ ይሞታል። የመጣው ሰም ካርናውባ ይባላል፤ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ የሚገኝ ነው። እማሆይ ይህን ሲሰሙ ተገረሙ፦ «ከብራዚል? ጧፍ የምንፈትልበት ሰም እያለ?» ነገሩ መልስ የሚሻ ነበር። የንብ ሰም በ60ዎቹ ዲግሪ ይቀልጣል፤ ካርናውባ 80ን ያልፋል። በፀሐይ የዋለ ኮፈኖ ላይ የንብ ሰም ብቻውን ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስ ደግሞ አቧራውን ጠርቶ ያስቀምጣል። ይህን ሲነግሯቸው እማሆይ አላመኑም፤ እኔም በእሳቸው በኩል ነበርኩ፤ ለቤተ ክርስቲያን የበቃ ሰም ለቶዮታ ያንሳል ማለት ይከብዳል። በመካከል አንድ የቅኔ ተማሪ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ ተመለከተ። «ምን እየቀባችኋት ነው?» አለ። «ሰም።» «ወርቁስ?» ማንም አልመለሰለትም። አጎቴ ብቻ ጎንበስ ብሎ የበሩን የታችኛውን ጠርዝ፣ ቀለሙ የተላጠበትን፣ ቡናማ ዝገት የወጣበትን ቦታ በጣቱ አሳየው። «ይኸው» አለ። ተማሪው እጅ ነሥቶ ሄደ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የቅኔ ፍቺዎች ያን ያህል የጠራ የለም።

ሲመሽ ጨረሱ። ውጤቱን አላጋንንም። ጣሪያው ላይ ፀሐይ የጨረሰችው ቦታ አልተመለሰም፤ ቀለም ካለቀ ፖሊሽ አይወልደውም። «እጠቡ» እንዳለ ነው፤ ጭረቱ ጥልቅ ስለሆነ እሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ሁሉ እስከ እሱ ድረስ ማሳሳት ያስፈልግ ነበርና የአክስቴ ልጅ «ይኑር፤ አንዳንድ ጊዜ ትልቁ ጥበብ አለመንካት ነው» አለ። በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ግራጫዋ መስመርም አለች። የቀረው ግን ቀይ ነው፤ በሁለቱም ጎን ቀይ ነው፤ ጎረቤት ግቢ ያለ ሰው ጥላውን የሚያይበት ቀይ ነው። በዓመቱ ምርመራ ላይ ያው መርማሪ ሊብሬውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ «ቀይ» ብሎ ምልክት አደረገና ፍሬን እንዲይዝ አዘዘ። ፍሬኑ አልያዘም። ያን ያሠሩት በአንድ በግ ነው፤ በዚያ ላይ ስብሰባም አልተጠራ፣ ሰውም አልመጣ።

መዘዙ ወዲህ ነው። መኪናዋ ቀይ ከሆነች ጀምሮ ሥራ አቁማለች። አጎቴ አቧራ ባለበት መንገድ አይወጣባትም፤ ጭቃ ባለበትም አይወጣባትም፤ ከሁለቱ ነጻ የሆነ ወር ደግሞ በገሳይ አቆጣጠር አይገኝም። ዶሮዎቹ ኮፈኖዋ ላይ እንዳያድሩ ማታ ማታ በሸራ ትሸፈናለች፤ ሸራው በነፋስ እየተርገበገበ እንዳይፈትጋት ከሸራው ሥር አንሶላ አለ፤ አንሶላው ከየት እንደመጣ የአጎቴን ሚስት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሳትጠየቅ ትናገራለች። ባለፈው ድንቹ ለገበያ ሲወጣ በጎረቤት አህዮች ተጭኖ ሄደ። ባለ አህያው ኬሻውን እያሰረ በግቢው ጥግ ወደቆመችው ወደ ተሸፈነችው መኪና ዞር አለ።

«ምነው አያ፣ መኪናዋ ታመመች እንዴ?»

«የለም» አለ አጎቴ፣ ገመዱን ከወዲህ በኩል እየሳበለት። «ታጥባ ነው።»